የቤት ኪራይ ጥያቄዎችና የሰበካ ጉባኤ ድርሻ
(በዓለም ባንክ አካባቢ ለሰበካ ጉባኤ አባላትና ለካህናት የቀረበ ንግግር)



በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ፣ በዚህ በዓለም ባንክ ለፕሮጀክት ሥራ ስንመላለስ ስለ ቁጠባ ለመነጋገር ተቀምጠን ነገሩ ዘወትር ወደ ቤት ኪራይ ይዞርብናል። ስለዚህ ዛሬ የተጠየቅነውን ለመመለስ እንሞክራለን።

አብዝተን የምንሰማው «አከራዬ ከዚህ ወር ጀምሮ ጨምሪ አሉኝ፤ ይችላሉን?» የሚለውን ነው። በመጋቢት ወር 2016 ዓ.ም. የጸደቀው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ጭማሪን በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ፣ ያውም ተቆጣጣሪው አካል በሚያሳውቀው መጠን ይፈቅዳል። ውሉ በጽሑፍ ይደረጋል፤ ከ2 ዓመት አያንስም፤ በ30 ቀናት ውስጥ ቀርቦ ይመዘገባል። ቅድሚያ ክፍያ ከ2 ወር ኪራይ አይበልጥም። ኪራዩም በእጅ ሳይሆን በባንክ ወይም በሌላ የኤሌክትሮኒክ መንገድ ይከፈላል።

ይህን ሳናስተውል እኛው ራሳችን የሠራነውን ስሕተት ልንሰውር አይገባንም። ከነልጆቿ ከሰርቪስ ቤት ለወጣች አንዲት እናት ከምእመናን ገንዘብ አሰባስበን የ6 ወር ኪራይ በቅድሚያ ከፈልን። ገንዘቡን በእጅ ሰጠን፤ ውል አልተጻፈም፤ ደረሰኝም አልነበረም። በአራተኛው ወር «ልጄ ሊያገባ ነው፤ ቤቱን ልቀቂ» ተባለች። የቀረውን የ2 ወር ገንዘብ ለመጠየቅ በሄድን ጊዜ የምናሳየው ወረቀት አልነበረንም። እርሷም ዕቃዋን ዳግመኛ በጋሪ ጫነች። ያን ዕለት በመዋጮው ፋንታ ሁለት ሽማግሌዎችን ይዘን ለውሉ ብንቀመጥ ኖሮ በበለጠ በጠቀምናት ነበር።

ከሁሉ የሚከብደው ጥያቄ ግን የመጣው ከአንድ ካህን ነው። አከራይና ተከራይ በወር 8,000 ብር ተስማምተው፣ ግብር እንዲቀንስ በውሉ ላይ 4,000 ይጻፍ ይባባላሉ፤ ካህኑም ምስክር ሆነው እንዲፈርሙ ይጠራሉ። መልሳችን አጭር ነው፤ አይፈርሙ። ተከራዩም ቤት ላለማጣት ብሎ ዝም ይላል፤ ነገ ግን ተጨማሪውን 4,000 መክፈሉን የሚያስረዳበት ነገር የለውም። አከራዮቹን ሁሉ ጨካኝ አድርገን መቁጠር ደግሞ ተገቢ አይደለም። ብዙዎቹ በአንዲት ክፍል ኪራይ የሚተዳደሩ አረጋውያንና መበለቶች ናቸው፤ ስለ ውሉ የሚያስረዳቸው ሰው ያስፈልጋል።

የቤተ ክርስቲያን ነገርም አለ። በ1967 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 47 ትርፍ ቤቶች ሲወረሱ የቤተ ክርስቲያን ኪራይ ቤቶችም አብረው መወረሳቸውን አረጋውያኑ ታስታውሳላችሁ። ከዚያ ወዲህ የተመለሱና አዲስ የተሠሩ ቤቶች ያሏችሁ አጥቢያዎች ዛሬ አከራዮች ናችሁ። ምእመናንን «ውል ጻፉ» ከማለታችን በፊት በግቢያችን ቤት ለተከራየው ሰው ውሉን ሰጥተነዋልን? ከገጠር መጥተው በኪራይ ቤት የሚኖሩ ዲያቆናትስ የሚያማክራቸው አግኝተዋልን? ከየሰበካው አንድ ሰው ተመርጦ ተዋዋዮችን ይዞ እስከ ወረዳው እንዲሄድ የምንጠይቀው ስለዚህ ነው።

ስለ ሱቆቻችሁ የጠየቃችሁን አባት፣ ይህ አዋጅ የመኖሪያ ቤትን ብቻ ይመለከታል። ሱቁ በራሱ ውል ይተዳደራል፤ ውሉን ይዘው ይምጡና አብረን እናየዋለን።