ዲስኩን ከመኮነናችን በፊት፦ በሰርቨር ውስጥ ስለሚዘረጉ ኬብሎች



ለዛሬው ንግግር የመረጥሁት ርእስ ለብዙዎቻችሁ ተራ መስሎ ሊታይ እንደሚችል ዐውቃለሁ። ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ይናገራል ብላችሁ የመጣችሁ ካላችሁ ይቅርታ እጠይቃለሁ። የምናገረው በሬይድ ኮንትሮለርና በሃርድ ዲስኮች መካከል ስለሚዘረጋው ኬብል ነው። ምክንያቴን በአንድ ገጠመኝ ልጀምር።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ስሙን የማልጠቅሰው አንድ መሥሪያ ቤት ለእርዳታ ጠራኝ። ስምንት የሳታ ዲስኮች በሬይድ 5 የተቀናጁበት ሰርቨር ነበረው። አንዱ ዲስክ ተበላሽቷል ተብሎ ተለወጠ፤ አዲሱም ወር ሳይሞላው ተበላሽቷል ተባለ። እርሱን ሊተካ የመጣው ባለሙያ የብልሽት መብራቱ ስላልበራለት በግምት አንዱን ዲስክ ሳበ። የሳበው ጤነኛውን ነበር። ሬይድ 5 የአንድ ዲስክን ጉድለት ይሸከማል፤ የሁለትን ግን አይችልም። የሁለት ዓመት መዝገብ በቅጽበት ከዐይን ተሰወረ።

እኔ ስደርስ በክፍሉ ውስጥ የሐዘን ቤት ዝምታ ነበር። ደግነቱ ከዚያ በኋላ ማንም ምንም አልነካም። የተሳበውን ዲስክ ወደ ቦታው መልሰን ኮንትሮለሩ እንዲቀበለው ስናደርግ መዝገቡ ተመለሰ፤ በዚያች ደቂቃ ይጻፉ የነበሩ ጥቂት ፋይሎች ብቻ ቀሩ። ከዚያ በኋላ ነው ማንም ያላስተዋለውን ነገር ያየነው፤ ሁለቱም «ብልሹ» ዲስኮች የተኮነኑት በአንዱ መሳቢያ ውስጥ ሳሉ ነበር። ወደ ሌላ ማሽን ወስደን ስንፈትናቸው ሁለቱም ጤነኞች ሆኑ። ጥፋተኛው የሰርቨሩ ክዳን ሲዘጋ ተጫኖ የታጠፈው ኬብል ነበር።

ዲስኮቹ ግን ነግረውን ነበር። እያንዳንዱ የሳታ ዲስክ ስማርት የሚባል የጤንነት መዝገብ ይይዛል። በዚያ መዝገብ 199ኛው መለያ በአብዛኞቹ ዲስኮች ላይ በመንገድ ሳለ የተበላሸውን መልእክት ብዛት ይቆጥራል። የዲስኩ ሳሕን ሲያረጅ የሚጨምሩት ሌሎች ቁጥሮች ናቸው። እነዚያ ዜሮ ሆነው 199ኛው ብቻ ካደገ፣ ዲስኩን ሳይሆን መንገዱን እንመርምር። አንድ ነገር ልብ በሉ፤ ይህ ቁጥር ኬብሉ ከተለወጠም በኋላ ወደ ዜሮ አይመለስም። ስለዚህ ዛሬ ጽፋችሁ ያዙት፤ ከሳምንት በኋላ ጨምሮ እንደሆነ ተመልከቱ።

አንድ ኬብል እንዲህ የሚያስቸግርበት ምክንያት ፍጥነቱ ነው። የሳታ መስመር በሰከንድ እስከ 6 ጊጋቢት፣ ሦስተኛው ትውልድ ሳስ ደግሞ 12 ጊጋቢት ያሳልፋል። በዚህ ፍጥነት መዳቡ አምፖል እንደሚያበራ ሽቦ አይደለም፤ የጥንድ ሽቦዎቹ ርቀትና ቅርጽ ራሱ የሥራው አካል ነው። ሹል እጥፋት ሽቦውን ሳይበጥስ ምልክቱን ያበላሻል። በመለኪያ ብትፈትኑት «ደኅና ነው» ይላችኋል፤ ለዚህ ጉዳይ ግን መለኪያው ምስክር ሊሆን አይችልም።

ወደ ምርጫው ልግባ። በየሰርቨሩ የምታገኟቸው የውስጥ ማገናኛዎች በዋናነት ሁለት ናቸው፦ ኤስ ኤፍ ኤፍ-8087 በ6 ጊጋቢት ዘመን የተስፋፋው፣ ኤስ ኤፍ ኤፍ-8643 ደግሞ ከ12 ጊጋቢት ጋር የመጣው። ሁለቱም አራት አራት መስመር ይይዛሉ። አንዱ በሌላው ውስጥ ስለማይገባ እዚህ ላይ መሳሳት ያስወጣል እንጂ አያታልልም።

የሚያታልለው ሌላ ነው። ባንድ ጫፉ 8087፣ በሌላው አራት የሳታ ጫፎች ያሉት ኬብል በሁለት ዓይነት ይሠራል። አንደኛው ከኮንትሮለር ወደ አራት ዲስኮች ይሄዳል። ሁለተኛው ከማዘርቦርድ አራት የሳታ ፖርቶች ተነሥቶ ዲስኮቹ ወደሚሰኩበት ባክፕሌን ይገባል። በዐይን ሲታዩ መንታ ናቸው። በውስጣቸው ግን የላኪውና የተቀባዩ ሽቦ አቀማመጥ ይለያያል፤ አንዱ በሌላው ቦታ ቢገባ ምንም ነገር አይቃጠልም፣ ዲስክም አይታይም። ስንት ጤነኛ ኮንትሮለር በዚህ ምክንያት «ሞቷል» ተብሎ መጋዘን ገብቷል!

በሳስ ኮንትሮለር ላይ የሳታ ዲስክ ይሠራል፤ የሳስ ዲስክ ግን በሳታ ፖርት ላይ አይሠራም። የሳታ ኬብል ርዝመት ከ1 ሜትር እንዳይበልጥ ደንቡ ይከለክላል። ሲገዛ የሚበጀው የሚደርሰው አጭሩ ነው፤ ተወጥሮ ግን አይሁን።

አሁን ወደዚያ ወዳልበራው መብራት እንመለስ። ባለ አራት መስመሩ ኬብል ከመረጃው ሽቦዎች ጎን «የትኛው ዲስክ ታመመ» የሚለውን ለባክፕሌኑ የሚነግሩ ቀጫጭን ሽቦዎች አሉት። በርካሽ ኬብል ውስጥ እነዚህ ይቀራሉ። መረጃው ያለ እነርሱ ስለሚያልፍ ጉድለቱ ለዓመታት አይታወቅም፤ የሚታወቀው ዲስክ በሚሳብበት ዕለት ነው። በዚያ መሥሪያ ቤት የሆነው ይኸው ነው።

ለእኛ ለደብረ ብርሃን ሰዎች የሚመለከት አንድ ነገር ልጨምር። «ብርዱ ራሱ ሰርቨሩን ያቀዘቅዝልናል» የሚል ቀልድ አለ፤ ግማሹ እውነት ነው። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች አየሩ ስስ ነው፤ ስስ አየር ደግሞ ያነሰ ሙቀት ይወስዳል። የብዙ ሰርቨሮች መመሪያ ከ900 ሜትር ገደማ በላይ በየ300 ሜትሩ የሚፈቀደውን የክፍል ሙቀት በ1 ዲግሪ ይቀንሳል። ሲሰላ 35 ዲግሪ የሚፈቀድለት ማሽን እዚህ የሚፈቀድለት 29 ገደማ ነው። መስኮት በሌለው ክፍል ውስጥ፣ በማራገቢያው ፊት የተከመረ ትርፍ ኬብል ያንን ቀሪ ዕድል ይበላዋል።

ስለ ግዢ ዝርዝር ደግሞ በምሬት እናገራለሁ። «የሬይድ ኬብል፣ ብዛት 2» ተብሎ የወጣ ጨረታ የሚያመጣው የሚሰካ ነገር ነው፤ የሚሠራ መሆኑን ማንም አልጠየቀም። የሁለቱንም ጫፍ ቁጥር፣ የመስመሩን ፍጥነት፣ ከየት ወደ የት እንደሚሄድ፣ ርዝመቱንና የመብራት ሽቦዎቹ መኖራቸውን ጻፉ። አምስት መስመር ይበቃል። የተሳሳተ ኬብል እስኪለወጥ የምንጠብቀው ወር የኬብሉን ዋጋ ያስንቃል።

ከዚህ ወደ አንኮበር በሚወስደው መንገድ ግራና ቀኝ ስላሉት አብያተ ክርስቲያናት የብራና መጻሕፍት ብዙ ጊዜ አስባለሁ። እ.ኤ.አ. በ1973 የተጀመረው የማይክሮፊልም ሥራ ከ9,000 የሚበልጡ የኢትዮጵያ ብራናዎችን አንሥቷል፤ ከሸዋ የተነሡትም ብዙ ናቸው። ፊልሙን ለማንበብ ብርሃንና ሌንስ ይበቃል። ዛሬ በዲጂታል የምናነሣው ግን ያለ ኮንትሮለሩና ያለ ኬብሉ አይነበብም። ሬይድም ቢሆን መጠባበቂያ ቅጂ አይደለም፤ ሌላ ቅጂ በሌላ ቦታ ይኑር።

ነገ ጠዋት በቤተ ሙከራው ጠረጴዛ ላይ ሁለቱን መንታ ኬብሎች ያለ ምልክት አስቀምጣቸዋለሁ። የትኛው የትኛው እንደሆነ ለይታችሁ፣ በሁለቱም ጫፎች ላይ የፖርቱን ቁጥር፣ በየመሳቢያው ላይም የዲስኩን መለያ ቁጥር ለጥፋችሁ ታሳዩኛላችሁ። አሁን ጥያቄ ያላችሁ፣ ከኋላ ካሉት እንጀምር።