የጋዜጣውን ሂሳብ ማን ይከፍላል?

 

በዚህ ምረቃ ላይ ከተገኛችሁ ወላጆች መካከል ልጃችሁ «ጋዜጠኝነት ደረሰኝ» ሲል «ምነው ሕግ ወይም ሒሳብ አያያዝ በሆነ» ያላችሁ እንደምትኖሩ እገምታለሁ። አልፈርድባችሁም። በእኔ ጊዜ የወላጅ ስጋት «ልጄ ይታሰርብኛል» የሚል ነበር። ዛሬ ያ ስጋት ጨርሶ ሳይለቅ ሌላ ተደርቦበታል፤ ልጄን ማን ይቀጥርልኛል? ጋዜጣ የሚገዛ ጠፍቷል፣ ሁሉም ስልኩ ላይ አፍጥጧል፣ ሰበር ዜናውንም ባለቤቱ የማይታወቅ የቴሌግራም ቻናል ከጋዜጣው ቀናት ቀድሞ ያደርሰዋል። ስለዚህ ስለ ሙያው ክብር ከምሰብክላችሁ ስለ ገንዘቡ ላውራ። በምረቃ ቀን የገንዘብ ወሬ ነውር እንደሚመስል አውቃለሁ፤ ነገር ግን ባዶ ኪስ ያለው ጋዜጠኛ «አበል አለው ወይ?» እያለ የሚዞር ጋዜጠኛ ይሆናል፤ ክብሩም እዚያ ላይ ያበቃል።

ጋዜጣን የገደለው ስልክ ነው ሲባል እሰማለሁ። እኔ በዚህ አልስማማም።

አዲስ አበባ ያደጋችሁ አራት ኪሎን ታውቃላችሁ። ስማርት ስልክ በየኪሱ ከመግባቱ በፊት አዟሪው ጋዜጣና መጽሔቱን መንገድ ዳር ይዘረጋል፣ አንባቢው ድንጋይ ላይ ተቀምጦ በሳንቲም ተከራይቶ ያነባል። አንድ ቅጂ ከጠዋት እስከ ማታ በስንት እጅ እንዳለፈ የሚያውቀው አዟሪው ብቻ ነበር። «እንዳታጨማድደው» ብሎ የሚያስጠነቅቀውም ያለ ምክንያት አልነበረም፤ ማታ ላይ ያልተሸጠ ተብሎ ለአሳታሚው ተመላሽ የሚሆነው ያው ቅጂ ነው። ሥራ ፈላጊው ደግሞ ብጣሽ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዞ ይመጣና የክፍት ሥራ ቦታውን ገጽ ገልብጦ ይሄዳል። አሳታሚዎች በዚህ ንግድ ሲበሳጩ ኖረዋል። ብስጭታቸው ይገባኛል፤ ግን ያ አንባቢ ሌባ አልነበረም። ኪሱ የፈቀደለትን ያህል ከፍሏል፤ የከፈለው ገንዘብ ግን ጽሑፉን ለጻፈው ሰው አልደረሰም።

እንግዲህ አንባቢው ብዙ፣ ከፋዩ ጥቂት የሆነበት ገበያ ኢንተርኔት ያመጣብን አይደለም። የአውሮፓና የአሜሪካ አሳታሚዎች በድረ ገጽ ዘመን የደነገጡበትን ነገር የእኛዎቹ በአራት ኪሎ ድንጋይ ላይ ቀድመው አይተውታል። አይተው ምን አደረጉ ብትሉ፣ ብዙም አላደረጉም። ምክንያቱም የሚያኖራቸው አንባቢው አልነበረም።

የሚያኖራቸው ማስታወቂያ ነበር። ያውም የተወሰነ ዓይነት ማስታወቂያ። ሪፖርተር ጋዜጣን ያገላበጠ ሰው ያውቀዋል፤ የባንክ ሐራጅ፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የግዥ ጨረታ፣ የፍርድ ቤት ጥሪ ገጽ በገጽ ይከተላል። አዲስ ዘመንም እንደዚያው። ባንኮችና መሥሪያ ቤቶች ይህን የሚያደርጉት ጋዜጣ ስለሚወዱ እንዳይመስላችሁ፤ ጨረታና ሐራጅ በጋዜጣ ይውጣ የሚል ሕግና መመሪያ ስላለባቸው ነው። በሌላ አነጋገር፣ ሦስት ወር ደክሞ የምርመራ ዘገባ የሠራው ልጅ ደመወዙን የሚያገኘው ዕዳውን መክፈል ካቃተው ነጋዴ የመጋዘን ሐራጅ ማስታወቂያ ነው። አትሳቁ፤ ዘዴው ለብዙ ዓመት ሠርቷል። የሐራጅ ማስታወቂያ ስለ ርእሰ አንቀጹ አስተያየት አይሰጥም። የመንግሥት ማስታወቂያ ግን የሚወደውንና የማይወደውን ለይቶ ማወቅ ይችላል፤ ይህን ከእኔ በላይ የሚያውቁ አዘጋጆች በዚህ አዳራሽ ሳይኖሩ አይቀሩም።

አሁን ያ ምሰሶ እየተነቃነቀ ነው። ክፍት ሥራ ቦታው ቀድሞ ሄዷል፤ ኢትዮጆብስን በመሰሉ ድረ ገጾችና በቴሌግራም ቻናሎች ማንም ሰው አልጋው ላይ ተኝቶ በነጻ ያነበዋል። የመንግሥት ግዥም ወደ ኤሌክትሮኒክ ሥርዓት እየገባ ነው። እንደ ዜጋ እደግፈዋለሁ፣ እንደ ጋዜጣ ሰው ያስፈራኛል። በዚያ ላይ የሕትመት ወረቀት በውጭ ምንዛሪ የሚገባ ዕቃ ነው። ምንዛሪ ሲወደድ የማተሚያ ዋጋ ይወደዳል፤ አሳታሚው ገጽ ይቀንሳል፣ ዋጋ ይጨምራል፣ ቅጂ ያሳንሳል፣ አንባቢው ደግሞ ይሸሻል።

በግዴታ ማስታወቂያ መኖር ወዴት እንደሚወስድ ለማየት ወደ ቪየና እንሂድ። «ቪነር ሳይቱንግ» እ.ኤ.አ. በ1703 የተመሠረተ፣ የኦስትሪያ መንግሥት ንብረት የሆነ ጋዜጣ ነው። ከናፖሊዮን ጦርነቶች ተርፏል፤ ንጉሣዊው አገዛዝ ሲወድቅም ነበር። የገቢው ዋና ምንጭ ኩባንያዎች በሕግ ተገደው የሚያወጡበት ይፋዊ ማስታወቂያ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2023 የአገሪቱ ፓርላማ ያን ግዴታ አነሣው። በዚያው ዓመት ጁን 30 ቀን የመጨረሻው ዕለታዊ ሕትመት ወጣ፤ ስሙ በድረ ገጽ ቀጠለ። ሦስት መቶ ሃያ ዓመት የኖረ ጋዜጣ ዕለታዊ ሕትመቱን ያቆመው አንድ ሕግ ሲቀየር ነው። አሳታሚዎቻችን ይህን ታሪክ ደጋግመው ቢያነቡት እመኛለሁ።

በሌላ በኩል፣ ከፋዩን በጊዜ የቀየሩ አሉ። ኒው ዮርክ ታይምስ ድረ ገጹን እ.ኤ.አ. በ1996 ከከፈተ በኋላ ለብዙ ዓመታት አብዛኛውን ጽሑፉን በነጻ ሰጥቷል። በማርች 2011 ግን በወር ከ20 ጽሑፍ በላይ ማንበብ የፈለገ ይክፈል አለ። ብዙ ባለሙያ አፌዘበት። እ.ኤ.አ. በ2020 ሁለተኛ ሩብ ዓመት ከዲጂታል ያገኘው ገቢ ከወረቀቱ ገቢ ለመጀመሪያ ጊዜ በለጠ፤ በ2023 መጨረሻ ደንበኞቹ ከ10 ሚሊዮን በላይ ሆነዋል፤ እጅግ የሚበዙት ወረቀቱን የማያዩ ናቸው። ለነገሩ ሁሉም ለዜና ብለው አልመጡም። ጋዜጣው የምግብ አሠራርና የቃላት ጨዋታም ይሸጣል፤ ዎርድል የተባለውን ጨዋታ በ2022 ገዝቶታል። ጨዋታው ለጦር ሜዳ ዘጋቢው የአውሮፕላን ቲኬት የሚከፍል ከሆነ እኔ አልንቀውም። የብሪታንያው ጋርዲያን ደግሞ በሩን ሳይዘጋ አንባቢውን «ከቻልክ ደግፈን» ብሎ ለመነ፤ በሦስት ዓመት ውስጥ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰው እንደሰጠው እ.ኤ.አ. በ2018 አስታወቀ።

እነዚህ በእንግሊዝኛ ለዓለም የሚሸጡ ናቸው፤ የእኛ ገበያ ሌላ ነው። ቢሆንም ሁለቱም አንድ ነገር ደፍረዋል፤ አንባቢውን ፊት ለፊት ጠይቀዋል።

የእኛ ጋዜጦች «ኦንላይን ገባን» ሲሉ ምን ማለታቸው እንደነበር ልንገራችሁ። ለወረቀት የተጻፈው ሁሉ ጋዜጣው ገበያ ላይ ከዋለ በኋላ ድረ ገጹ ላይ ይለጠፋል። ርዕሱ ያው ነው፣ «ትናንት» የሚለውም ያው ነው፤ ሐሙስ የከፈተው አንባቢ ትናንት የተባለው የትኛው ቀን እንደሆነ አይገባውም። የድረ ገጹ ኃላፊ ደግሞ ከቢሮው ሠራተኛ ሁሉ በዕድሜ የሚያንሰው ልጅ ወይም ኮምፒውተር ሲበላሽ የሚጠራው ባለሙያ ነው። አርትዖት የለም፣ የድረ ገጽ በጀትም የለም። ይህ አንሶ ኋላ ደግሞ ሩጫ መጣ፤ ከዩቲዩብ ጋር በቀይ ፊደል፣ ከቴሌግራም ጋር በደቂቃ መሽቀዳደም። በሳምንት ሁለት ቀን የሚወጣ ጋዜጣ በፍጥነት ቲክቫህን የመሰለ የቴሌግራም ቻናል አይቀድምም። የቀደመ ዕለትም ሳያጣራ ነው የሚቀድመው።

ፍትሐዊ ለመሆን፣ ወደ ኢንተርኔት የገቡት ሁሉ በንግድ ስሌት አልገቡም። አዲስ ነገር ጋዜጣ በ2002 ዓ.ም. ከገበያ ሲወጣ አዘጋጆቹ ተሰደው ሥራቸውን በድረ ገጽ ለመቀጠል ሞክረዋል። አዲስ ስታንዳርድ መጽሔት በ2009 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሳቢያ ወረቀቱን አቁሞ በኢንተርኔት ቀጥሏል፤ ዛሬም አለ። ኢንተርኔት ለእነሱ መጠለያ ነበር። መጠለያው ግን ቁልፉ በሌላ እጅ ነው። ሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ሲዘጋ ሦስት ሳምንት ገደማ ቆይቷል። በእነዚያ ሳምንታት የታተመ ጋዜጣ እንደገና ከእጅ ወደ እጅ የሚሄድ ነገር ሆነ። ስለዚህ «ወረቀትን እንቅበር» የሚሉ ወጣቶችን ስሰማ ረጋ በሉ እላለሁ። ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት ከ1914 ዓ.ም. ጀምሮ አለ፤ ስንት መንግሥት አሳልፏል።

ረጋ ብለው ያሰቡ ሰዎች በእኛው አህጉር አሉ። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2020 ኮሮና ሁሉን ቤት ሲዘጋ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ «ዘ ኮንቲነንት» የሚባል ሳምንታዊ ጋዜጣ ተጀመረ። ወረቀት የለውም፣ ግን ጋዜጣ ነው፤ የፊት ገጽ፣ የመጨረሻ ገጽ፣ በሥርዓት የተደረደረ ገጽ ያለው ፒዲኤፍ ሆኖ በዋትሳፕ ይላካል። አንባቢው ከፍቶ ይጨርሰዋል። የፌስቡክ ገጽ አያልቅም፣ ጋዜጣ ግን ያልቃል፤ ማለቁም አንባቢ የሚፈልገው ነገር መሆኑን እነዚህ ሰዎች ተረድተዋል። እዚያው አገር «ዴይሊ ማቬሪክ» ከእ.ኤ.አ. 2009 ጀምሮ በኢንተርኔት ብቻ ሲሠራ ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ2020 ሳምንታዊ የወረቀት ጋዜጣ አወጣ። ሁሉም ከወረቀት ሲሸሽ ወደ ወረቀት ገባ! አንባቢው ቅዳሜና እሑድ ተረጋግቶ የሚያነበው ነገር ለማግኘት እንደሚከፍል ስላወቀ ነው።

ልጆቼ፣ ነገ ጋዜጣ ቤትም ግቡ፣ ድረ ገጽም ክፈቱ፣ የዩቲዩብ ቻናልም ይኑራችሁ፣ የሚጠብቃችሁ ጥያቄ አንድ ነው፤ ይህን የሠራሁትን ሰው ገንዘቡን አውጥቶ ያነበዋል ወይ? የባለሥልጣን ስብሰባ መግለጫ ማንም አይገዛም፤ መሥሪያ ቤቱ ራሱ ፌስቡክ ላይ በነጻ ለጥፎታል። ዘይት ዛሬ ስንት እንደገባ የሚነግረውም ብዙ ነው። ከወደብ እስከ ሱቅ ድረስ ማን እጅ ላይ ስንት እንደተጨመረበት ተከታትሎ የሚጽፍ ግን የለም። በየክፍለ ከተማው መሬት እንዴት እንደሚተላለፍ፣ ችሎት ውስጥ ምን እንደተባለ፣ አንድ ወረዳ በጀቱን ምን ላይ እንዳዋለ የሚያነብልን ሰው እንፈልጋለን። ይህ አድካሚ ሥራ ነው፣ ቫይራልም አይሆንም። ከፋይ የሚያመጣው ግን እሱ ነው።

ከወረቀቱ ዘመን አንድ ልማድ ደግሞ ይዛችሁ ሂዱ፤ እርማትን። የታተመ ስሕተት በየሰው ቤት ይቀራል፤ ዋና አዘጋጁ ቤት ለቤት ሄዶ ሊቀደው አይችልም። ስለዚህ በሚቀጥለው እትም «እርማት» ብሎ ይጽፋል። ኦንላይን ላይ የተሳሳተ ግን ሌሊት አጥፍቶት ጠዋት ምንም እንዳልተፈጠረ ሰው ሰላም ይላል። እናንተ እንዲህ አታድርጉ። ጽሑፉን ስትቀይሩ መቼና ምኑን እንደቀየራችሁ ከሥሩ ጻፉ። አዋጅ ቁጥር 1238/2013 የበይነ መረብ መገናኛ ብዙኃንን በሕግ አውቋቸዋል፤ በአንባቢ ዘንድ መታወቅ ግን በምዝገባ አይገኝም።

«አንባቢው አይከፍልም» የሚሏችሁ አለቆች ይኖራሉ። በአራት ኪሎ ድንጋይ ላይ ሲከፍል አይቻለሁ። ያኔ የጠፋው መቀበያ ነበር። ዛሬ ቴሌብር ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ አለ፤ ለአንድ እትም ጥቂት ብር ከስልክ መክፈል ይቻላል። ዋሽንግተን፣ ቴል አቪቭ፣ ዱባይ ያለው ወገናችን ጋዜጣ በመንገደኛ ሻንጣ የሚጠብቅበት ዘመን አልፏል፤ የአገሩን ወሬ በየሰዓቱ ያነባል፣ የባንክ ካርድም አለው። የሚጠይቀው ግን እምብዛም የለም። ጠይቁት። ስትጠይቁት ደግሞ እጃችሁ ላይ የሚሸጥ ነገር ይኑር።

የመጨረሻው ቃሌ ለወላጆችና ለዛሬው እንግዶች ነው። የጋዜጠኛ ደመወዝ ከጨረታ ማስታወቂያ የሚወጣበት ጊዜ እያለቀ ነው። ከዚህ አዳራሽ ስትወጡ የምታምኑትን አንድ ጋዜጣ፣ አንድ መጽሔት ወይም አንድ ድረ ገጽ ምረጡና በየወሩ ክፈሉት። ዛሬ ያስመረቃችኋቸው ልጆች እንጀራ የሚበሉት ከእናንተ ክፍያ ነው።