የአባቱን ስም አንደብቀው

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም። ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ ይሁን። ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይስፈን። 

የዛሬው ርዕሳችን በብዙ ቤት የሚታወቅ፣ ነገር ግን ጮክ ተብሎ የማይነገር ጉዳይ ነው። ያልወለድነውን ልጅ ስናሳድግ ማን እንደወለደው እንንገረው ወይስ እንደብቀው?

ሐይቅና አምባሰል ለዚህ ጥያቄ እንግዳ አይደሉም። በ1966 እና በ1977 ዓ.ም ረሃቡ ወሎን ሲመታ እናት አባት ያጡ ልጆች በአጎትና በአክስት፣ በጎረቤትም ቤት አድገዋል። በ1977ቱ ሕፃናት የነበሩት ዛሬ ዕድሜያቸው አርባን የዘለለ፣ የልጆች ወላጆች ናቸው። በ2014 ዓ.ም መጀመሪያ ጦርነቱ ደቡብ ወሎ ሲደርስም ወላጅ ያጡ ልጆች ነበሩ። ወገናችን ቁራሽ ተካፍሎ የቲም ማሳደግን ያውቅበታል። የሚከብደን መናገሩ ነው።

የምንደብቀው በክፋት አይደለም። «ልቡ ይሰበራል፣ ይሸሸናል» ብለን ነው። ዳሩ ግን ጎረቤት ያውቃል፣ ዘመድ ያውቃል፤ የማያውቀው ልጁ ብቻ ነው። ከብት ጥበቃ ላይ ከእኩያው ጋር ሲጣላ «አባትህ እኮ እሱ አይደለም» ተብሎ በስድብ ይሰማዋል። ሴት ልጅ ከሆነች ደግሞ የኒካሕ ዕለት ይመጣል። ወሊይነቱ የሥጋ ዘመዶቿ ነው፤ እነርሱ ከሌሉ ጉዳዩ ወደ ቃዲ ይሄዳል። ያን ጊዜ ሽማግሌ በተሰበሰበበት እውነቱን ከምትሰማ፣ በእናት ጉያ ብትሰማው አይሻልም ወይ? ከዚህም የከፋ አለ። የሥጋ ወንድሙንና እህቱን የማያውቅ ልጅ ሳያውቅ እህቱን ሊያጭ ይችላል። አላህ ይጠብቀን።

በሱረቱል አሕዛብ 4ኛና 5ኛ አንቀጾች አላህ (ሱ.ወ) በአፋችን «ልጄ» ስላልነው ብቻ ያሳደግነው የአብራካችን ክፋይ እንደማይሆን ነግሮናል፤ በአባቶቻቸው ስም እንድንጠራቸውም አዞናል። አባታቸው ካልታወቀ የዲን ወንድሞቻችን ናቸው። ታዲያ ይህ ልጁን ከልባችሁ አውጡት ማለት ነውን? አይደለም። የዘይድ ኢብን ሓሪሣን (ረ.ዐ) ታሪክ እንመልከት። ዘይድ በልጅነቱ ተማርኮ ተሸጠ፤ ኸዲጃም (ረ.ዐ) ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሰጠቻቸው። አባቱ ሓሪሣ ፈልጎት መካ በመጣ ጊዜ ነቢዩ ምርጫውን ለራሱ ለዘይድ ተዉለት። ዘይድ አባቱን እያወቀ ከነቢዩ ጋር መኖርን መረጠ። ከዚያም ዘይድ ኢብን ሙሐመድ ይባል ነበር። አንቀጹ ሲወርድ ስሙ ወደ ዘይድ ኢብን ሓሪሣ ተመለሰ። ስሙ ተመለሰ እንጂ ፍቅሩ አልቀነሰም። በ8ኛው ዓመተ ሂጅራ ወደ ሙእታ በዘመተው ጦር ላይ አሚር ያደረጉት እርሱን ነው፤ እዚያም ሸሂድ ሆነ።

እንግዲህ እንዴት እንንገረው? አንደኛ፣ ነፍስ ሳያውቅ ጀምረን በትንሽ በትንሹ እንንገረው። ነቢያችን የቲም ሆነው በአያታቸው በዐብዱል ሙጦሊብ፣ በኋላም በአጎታቸው በአቡ ጧሊብ ቤት እንዳደጉ፣ የአባታቸው የዐብደላህ ስም ግን እንዳልተደበቀባቸው እናጫውተው። ሁለተኛ፣ ከእኛው አንደበት ይስማ። ሦስተኛ፣ ወላጆቹን አንንቀፍ። ሞተው ከሆነ ዱዓ እንዲያደርግላቸው እናስተምረው፤ በችግር ሰጥተውን ከሆነ ለልጃቸው ሕይወት ብለው መሆኑን እንንገረው። አራተኛ፣ አንድ ቀን ተናግረን አንዝጋው፤ በጠየቀ ቁጥር እንመልስለት። እስከ ዛሬ ደብቀን ከሆነም የሠርጉን ቀን አንጠብቅ፤ ረጋ ባለ ቀን ባልና ሚስት አብረን ተቀምጠን እንንገረው። ቢያለቅስ ወይም ቢያኮርፍ አንቆጣ። ትምህርት ቤት ስናስመዘግበውም በወላጅ አባቱ ስም ይሁን። በ1992 ዓ.ም የወጣው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግም የጉዲፈቻ ልጅ ከተወለደበት ቤተሰብ ጋር ያለው ዝምድና እንደማይቋረጥ ይደነግጋል።

ሁለት ነገር እንጨምር። በሀገራችን ማር በጣት አስልሶ «የጡት ልጅ» ማድረግ የቆየ ልማድ ነው። በሸሪዓ ግን መሕረም የሚያደርገው በጨቅላነቱ በእውነት ጡት መጥባቱ ነው። ስለዚህ ሕፃን የምትቀበል እህት የምታጠባ ከሆነች ዓሊም ጠይቃ ታጥባው። ሌላው ውርስ ነው። ያሳደግነው ልጅ በውርስ ድርሻ ባይኖረውም፣ በሕይወት ሳለን ስጦታ መስጠት፣ ከንብረታችንም እስከ ሲሶ ድረስ ወሲያ ማድረግ እንችላለን። ይህን በጽሑፍና በምስክር እናድርግ። ሳንናዘዝ ብንሞት ልጁ አባቱንም ቤቱንም በአንድ ቀን ያጣል።

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) የቲምን የሚያሳድግ ሰው በጀነት ከእርሳቸው ጋር እንደ ሁለት ጣቶች ጎን ለጎን እንደሚሆን አብስረዋል። ይህ ምንዳ አባቱ ነኝ ብለን ስለዋሸን የሚገኝ አይደለም፤ አባቱ ባይሆኑም እንደ አባት ለሚያሳድጉ ነው። አላህ የየቲሞቻችንን ልብ ይጠግን፤ ለእኛም እውነትን በርኅራኄ የምንናገርበት አንደበት ይስጠን። አሚን።