ድፍረት ከመጠየቅ በፊት በሩን መክፈት፦ የቢከን ሂል ኢትዮጵያውያት እና የሙያ ፈቃድ



በሲያትል ቢከን ሂል ጫፍ ላይ የቆመው ፓስፊክ ታወር መጀመሪያ የመርከበኞች ሆስፒታል ነበር። በኋላ የአማዞን ዋና መሥሪያ ቤት ሆነ። ዛሬ ደግሞ ሲያትል ሴንትራል ኮሌጅ የጤና ሙያዎችን ያስተምርበታል። በዚያው ኮረብታና ከሥሩ ባለው የሬኒየር ሸለቆ፣ በአገራቸው ነርስ፣ አዋላጅ፣ መምህርት ወይም የሒሳብ ባለሙያ የነበሩ ኢትዮጵያውያት ይኖራሉ። ከእነርሱ መካከል ዛሬ አረጋውያንን በመንከባከብ፣ በጽዳት ወይም በአውሮፕላን ማረፊያ ሥራ የሚተዳደሩ አሉ። ሥራው ክቡር ነው፤ ጥያቄው የተማሩበት ሙያ የት ቀረ የሚለው ነው።

የተለመደው መልስ ወደ ሴቲቱ ልብ ያመለክታል፦ ድፍረት አጣች፣ ቋንቋው አስፈራት፣ ይሉኝታ ያዛት። መልሱ ሐሰት አይደለም፤ ግን ግማሹን ብቻ ይናገራል።

«ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ» የሚለውን ተረት እየሰማች ያደገች ሴት የራሷን እውቀት መጠራጠር ትማራለች። በስደት ደግሞ ሌላ ሸክም ይጨመርባታል። በየወሩ ለወላጅ፣ ለወንድምና ለእኅት የሚላክ ገንዘብ አለ፤ ለራሷ ትምህርት የምታወጣው ዶላር ከእናቷ መድኃኒት የተቀነሰ ይመስላታል። ልጆቿን ለሰው ትታ የማታ ትምህርት ብትገባ፣ በማኅበርና በለቅሶ ቤት ምን እንደሚባል ታስባለች። ለዓመታት በሙያዋ የተከበረች ሴት ከወጣቶች ጋር እንደ ጀማሪ ለፈተና መቀመጥን እንደ ውርደት ልትቆጥረው ትችላለች። እነዚህ ስሜቶች እውነተኛ ናቸው። ሕግ አውጪን የሚመለከተው ጥያቄ ግን በምን ይለወጣሉ የሚለው ነው።

ለዚህ ጥያቄ ከኢትዮጵያ የተገኘ ጠንካራ ማስረጃ አለ። እ.ኤ.አ. በ1960 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰቡ ራስ አድርጎ፣ ሚስት እንድትታዘዘው ይደነግግ ነበር። አንዱ ተጋቢ በቤተሰቡ ጥቅም ስም የሌላውን ሥራ እንዲቃወምም ይፈቅድ ነበር። ራስ የተባለው ባል በሆነበት ቤት ይህ ሥልጣን የማን እንደነበር ግልጽ ነው። በ1995 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ሕጉ እንዲለወጥ ታገለ። በ2000 የጸደቀው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የባልን የበላይነት አስቀረ፤ የሴቶችን ዝቅተኛ የጋብቻ ዕድሜ ከ15 ወደ 18 ዓመት ከፍ አደረገ፤ የጋራ ንብረትም በጋራ እንዲተዳደር ደነገገ።

ለውጡ በመላ አገሪቱ በአንድ ጊዜ አልተተገበረም። አዲስ አበባ፣ ድሬዳዋ፣ አማራ፣ ኦሮሚያና ትግራይ ቀደሙ፤ ሌሎች ክልሎች ዘገዩ። ልዩነቱ ለማነጻጸር ዕድል ሰጠ። በ2013 በዓለም ባንክ የታተመ ጥናት፣ ሕጉ በቀደመባቸው አካባቢዎች ሴቶች ከቤት ውጭ በሚከናወን፣ ዓመቱን ሙሉ በሚዘልቅና ከፍ ያለ ክህሎት በሚጠይቅ ሥራ ያላቸው ተሳትፎ ከሌሎቹ አካባቢዎች ይበልጥ ማደጉን አሳየ። ጥናቱ የተመለከተው ጊዜ አምስት ዓመት ያህል ነው። በዚህ አጭር ጊዜ ተረቱ አልተረሳም፣ ይሉኝታውም አልጠፋም። የተነሣው «አይሆንም» የማለት ሕጋዊ ሥልጣን ነው፤ እርሱ ሲነሣ ብዙ ሴቶች ወጡ።

በዋሽንግተን ግዛት ሚስቱን ከሥራ የመከልከል ሕጋዊ ሥልጣን ያለው ባል የለም። ክልከላው ግን በአሠራር ውስጥ ተሰውሯል። በኢትዮጵያ የተማረች ነርስ የትምህርት ማስረጃዋን ማስመርመር፣ የእንግሊዝኛ ችሎታዋን ማረጋገጥ፣ ከዚያም ኤንክሌክስ የተባለውን የነርሶች የፈቃድ ፈተና ማለፍ አለባት። ማስረጃው ከተማረችበት ተቋም በቀጥታ እንዲላክ ሲጠየቅ፣ ዘመድ የሬጅስትራር ደጅ ይጠናል፤ ጦርነት መንገድና ስልክ ባቋረጠበት አካባቢ ደግሞ ደጅ የሚጠናለት ሰው እንኳ ላይገኝ ይችላል። በአንጻሩ የቤት ለቤት እንክብካቤ ሠራተኛ ለመሆን የሚጠየቀው መሠረታዊ ሥልጠና 75 ሰዓት ነው። የቤት ኪራይ የሚጠብቃት እናት የትኛውን በር እንደምትመርጥ አያጠራጥርም። ዓመታት ሲያልፉ ምርጫው ልማድ፣ ልማዱም «ከእንግዲህ አልችልም» የሚል እምነት ይሆናል።

ግዛቱ ይህን ሰንሰለት መቁረጥ እንደሚቻል አሳይቷል። በ2021 የወጣ ሕግ በውጭ አገር የተማሩ ሐኪሞች በተቆጣጣሪ ሐኪም ሥር እየሠሩ ልምድ የሚያገኙበትን የተወሰነ ፈቃድ ፈጠረ። በዚያው ዓመት የጸደቀው ፌር ስታርት ፎር ኪድስ የተባለው ሕግም የሕፃናት እንክብካቤ ድጎማን አሰፋ። የመጀመሪያው ሕግ ግን የሚያገለግለው ሐኪሞችን ነው፤ ነርሷና አዋላጇ ከደጅ ቀርተዋል።

ቢከን ሂል በዚህ ረገድ የራሱ ታሪክ አለው። በጥቅምት ወር 1972 የእንግሊዝኛና የጎልማሶች ትምህርት ፕሮግራም በጀት ሲቋረጥ፣ ተማሪዎች፣ መምህራንና ቤተሰቦቻቸው ባዶውን የቢከን ሂል ትምህርት ቤት ያዙ። ኤል ሴንትሮ ዴ ላ ራሳ የተወለደው በዚህ መንገድ ነው። ዛሬ በዚያ የሕፃናት ማቆያም አለ። ስለ ትምህርት የተነሣው ጥያቄ ለእናቶችም ቦታ ፈጠረ።

ከዚህ በመነሣት አራት እርምጃዎች ለውሳኔ ይቀርባሉ፦

አንደኛ፣ ለሐኪሞች የተሰጠው ዓይነት በክትትል ሥር የመሥራት ፈቃድ በውጭ አገር ለተማሩ ነርሶችና አዋላጆችም ይሰጥ።

ሁለተኛ፣ ተቋማት በጦርነት ምክንያት ማስረጃ መላክ በማይችሉበት ጊዜ፣ በፈተናና በሙያ ምስክሮች የሚረጋገጥ አማራጭ መንገድ በደንብ ይወሰን።

ሦስተኛ፣ ለፈቃድ ፈተና የሚደረግ ዝግጅት እንደ ሥራ ሰዓት ተቆጥሮ የልጅ እንክብካቤ ድጎማ ያስገኝ።

አራተኛ፣ የማኅበረሰብ ድርጅቶች ፈቃዳቸውን ያገኙ ሴቶች ተከታዮቻቸውን በአማርኛና በሌሎች የአገር ቤት ቋንቋዎች የሚያማክሩበት በጀት ያግኙ። ይሉኝታን ከምክር ይልቅ የምታውቃት ሴት ምሳሌነት ያለዝበዋል።

በኦሊምፒያ ስለ ነርሶች እጥረት ውይይት በተነሣ ቁጥር፣ በግዛቱ ውስጥ ሠልጥነው ፈቃድ ያላገኙ ስንት ነርሶች አሉ ተብሎ ይጠየቅ። ቁጥሩ ይሰብሰብ፤ በይፋም ይገለጽ። ያልተቆጠረች ባለሙያ በበጀት ውስጥ ቦታ አይኖራትም።