ሐሙሲትን የማያውቅ መዝገብ ቤት
(ለተማሪዎች ማኅበር አባላት የተደረገ ንግግር)



ዛሬ እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ ከዳታቤዝ ጋራ የተያያዙ ድረ ገጾች እንዴት እንደሚሠሩ የሚል ነው። ርእሱ ለኮምፒዩተር ተማሪዎች ብቻ የተተወ ይመስላል፤ ነገር ግን የእያንዳንዳችንን ስምና የልደት ቀን የሚነካ ስለ ሆነ ሁላችሁም በትዕግሥት እንድታዳምጡኝ እለምናለሁ።

አስቀድሜ ነገሩን በአጭሩ ላስረዳ። አንዳንዱ ድረ ገጽ በግድግዳ ላይ እንደ ተለጠፈ ማስታወቂያ ነው፤ ማንም ቢመጣ የሚያነበው ያንኑ አንድ ጽሑፍ ነው። ሌላው ግን እንደ መዝገብ ቤት ነው። የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤታችንን በድረ ገጽ ያየንበትን ቀን አስታውሱ፤ የመለያ ቁጥራችንን ስንጽፍ ለእያንዳንዳችን የየራሳችን ውጤት ወጣልን። እንዲህ ባለው አሠራር ጥያቄያችን ሰርቨር ወደሚባለው አገልጋይ ኮምፒዩተር ይደርሳል፤ በዚያ ያለው ፕሮግራም ጥያቄውን ተቀብሎ ዳታቤዝ ከተባለው መዝገብ ውስጥ የተፈለገውን ረድፍ ይፈልጋል፤ ያገኘውንም በገጽ አሰናድቶ ይልክልናል። ፕሮግራሙ በመስኮት ተቀምጦ ባለጉዳይ እንደሚያስተናግድ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነው ማለት ነው።

ለዚህ ሥራ ከሚያገለግሉት ቋንቋዎች አንዱ ፒኤችፒ ነው። ግሪንላንድ የተወለደው ራስሙስ ሌርዶርፍ የራሱን ገጽ ማን እንደሚጎበኘው ለማወቅ ሲል የጀመረውን ሥራ እ.ኤ.አ. በ1995 ለሕዝብ አወጣው። ማይኤስኪውኤል የተባለውም ዳታቤዝ የዚያው ዓመት ልጅ ነው። ፊደላችን ዩኒኮድ ወደተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት መዝገብ የገባው ግን እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። እንግዲህ እነዚህ መሣሪያዎች ሲወጠኑ የእኛን ፊደልና የእኛን ዘመን አቆጣጠር አላሰቡም፤ ከዚህም ሁለት ችግር ይወለዳል።

የመጀመሪያው የስም ነው። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችውን የደራዋን ሐሙሲትን ሁላችን እናውቃታለን። ስሟን ግን በምን ፊደል እንጽፋለን? መነሻውን ሀ፥ ሃ፥ ሐ፥ ሓ፥ ኀ ወይም ኃ ብናደርገው ድምፁ አንድ ነው፤ ሦስተኛውንም ፊደል ሲ ወይም ሢ ብናደርገው እንዲሁ ነው። ስድስት ጊዜ ሁለት 12 ይሆናል። ለጆሮ አንዲት ሐሙሲት ስትሆን ለኮምፒዩተር ግን 12 ልዩ ልዩ ከተሞች ናቸው፤ ኮምፒዩተር ፊደልን የሚለየው በቁጥር ነውና። ሃሌታው ሀ 4608፥ ሐመሩ ሐ 4624፥ ብዙኃኑ ኀ ደግሞ 4736 ነው። አንዱ በሐመሩ የመዘገበውን ሌላው በሃሌታው ቢፈልገው፥ ፕሮግራሙ «አልተገኘም» ብሎ ይመልሳል።

ይህ ቀልድ አይደለም። ከገጠር ተነሥታ ግማሽ ቀን ተጉዛ የልጇን የልደት ምስክር ወረቀት ልታወጣ ወይም የመሬት ይዞታዋን ልታረጋግጥ የመጣች እናት፥ «እኅቴ፥ ስምሽ የለም» ስትባል ጥፋቱ የአንድ ፊደል መሆኑን ማን ይነግራታል? እርሷ ፊደል አልቆጠረች ይሆናል። በወረቀት መዝገብ የሚሠራ ልባም ጸሐፊ ቢሆን «እስቲ በሌላው ሀ ልይልሽ» ብሎ ገጹን ይገልጥላታል። ፕሮግራም ግን ይህን የሚያደርገው እኛ ካስተማርነው ብቻ ነው።

አንዳንድ ጓደኞቼ መድኀኒቱ ሞክሼ ፊደላትን ትተን ስሞችን ሁሉ በአንድ ዓይነት ፊደል መመዝገብ ነው ይላሉ። በዚህ አልስማማም። ሠርቀ ብርሃን የሚለው ስም በንጉሡ ሠ ሲጻፍ የብርሃን መውጣት ነው፤ በእሳቱ ሰ ቢጻፍ ግን ወደ ስርቆት ይዞራል። አባት ለልጁ ያወጣውን ስም ለፕሮግራም እንዲመች ብለን ልንለውጥበት አይገባንም።

ይልቁንስ በዳታቤዙ ውስጥ ሁለት ዓምድ እናብጅ። በመጀመሪያው ስሙ ባለቤቱ እንደሚጽፈው ይቀመጥ፤ በሁለተኛው ለመፈለጊያ ብቻ የሚያገለግል፥ ሞክሼ ፊደላቱ ወደ አንድ የተጠቃለሉበት ቅጂ ይቀመጥ። ለዚህ የሚያስፈልገው ሠንጠረዥ ዲቃሎቹን ሳንቆጥር 37 ተራ ብቻ ነው፤ ይኸውም የሐ፥ የኀ፥ የሠ፥ የዐ እና የፀ ሰባት ሰባት፥ በተጨማሪም ሃ እና ኣ ናቸው። ገብረ ማርያምና ገብረማርያም እንዲገናኙም በቃላቱ መካከል ያለውን ክፍት ቦታ ከቅጂው ማውጣት ያሻል። ፈላጊው የጻፈውም ቃል በዚያው ሠንጠረዥ ካለፈ በኋላ ከሁለተኛው ዓምድ ጋራ ይመሳከራል፤ በገጹ ላይ የሚወጣው ግን የመጀመሪያው ነው።

ሁለተኛው ችግር የቀን ነው። ጳጉሜን 3 የተወለደ ልጅ በ13ኛው ወር ተብሎ ቢገባ የማይኤስኪውኤል የቀን ዓምድ ወይ አይቀበለውም፥ ወይ በዜሮ ይተካዋል። ጥቅምት 30ም «2ኛ ወር፥ 30 ቀን» ተብሎ ሲገባ እንደ ፌብሩዋሪ 30 ተቆጥሮ ይወድቃል። መዝጋቢው ሲቸግረው ሌላ ቀን ቢጽፍለት፥ ልጁ ዕድሜውን ሙሉ የሐሰት ልደት ተሸክሞ ይኖራል። የፒኤችፒ የካሌንደር ክፍል 12 ዓመት ያህል ብቻ የተሠራበትን የፈረንሳይ አብዮት አቆጣጠር እንኳ ይዟል፤ የእኛ ግን በዚያ የለም። ደግነቱ ኢንትል በተባለው ተጨማሪ ክፍል ውስጥ የኢትዮጵያ አቆጣጠር አለ። ስለዚህ ቀኑን በእርሱ ወደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ለውጦ ማስቀመጥ፥ ለባለጉዳዩ ሲያሳዩም መልሶ በእኛ መጻፍ ይቻላል።

ክቡራንና ክቡራት፤ ሌርዶርፍ መሣሪያውን የጀመረው ለራሱ ጉዳይ ነበር፤ ለእኛም ጉዳይ ሌላ ሰው እስኪመጣ የምንጠብቅበት ምክንያት አይታየኝም። ስለዚህ ሁለት ነገር አሳስባለሁ። አንደኛ፥ ማኅበራችን የአባላቱን መዝገብ በዚህ ዓይነት በሁለት ዓምድ ያሠራ፤ እኔም ከፈቃደኛ ጓደኞች ጋራ ለመሥራት ዝግጁ ነኝ። ሁለተኛ፥ ባለ 37 ተራው ሠንጠረዥ ተሞክሮ ሲጠናቀቅ ለሚፈልግ መሥሪያ ቤት ሁሉ ያለ ዋጋ ይሰጥ። የትምህርታችን ጥቅም የሚለካው ያቺ እናት ከመስኮቱ ጉዳይዋን ጨርሳ በጊዜ ወደ ቤቷ ስትመለስ ነው።