የምስል ተከታታይነትና የተመልካች እምነት
(ለማኅበሩ አባላት የተደረገ ንግግር)




አንድ መካኒካል መሐንዲስ ስለ ፊልም አሠራር ልናገር ብሎ ከፊታችሁ ሲቆም «ይህ ሰው ከመቼ ወዲህ ነው ከያኒ የሆነው?» ብትሉ አልቀየምም። ወደዚህ ጉዳይ የገባሁት በብረት በኩል ነው። በወላይታ ሶዶ ጥቂት ተማሪዎች ስለ እንሰት አጠውልግ በሽታ መከላከያ የአምስት ደቂቃ ፊልም ሊሠሩ ሲነሡ፣ የእጅ ስልካቸውን የሚያቆሙበት ባለሦስት እግር መቆሚያ ስላልነበራቸው ከቁርጥራጭ ቧንቧ በይጄ ሰጠኋቸው። መቆሚያውን ተከትዬ ሄድሁ፤ በዚያው ቀረሁ።

አስቀድሜ ስለ በሽታው ጥቂት ልበል። እንሰት ለወላይታ ገበሬ ዝናብ ሲቀር የሚተማመንበት የጓሮ ጎተራ ነው። አጠውልግን የሚያመጣው ባክቴሪያ መሆኑን ዳኛቸው ይርጉና ብራድበሪ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1968 ባወጡት ጽሑፍ አሳውቀዋል። በሽታው የያዘውን ተክል የሚፈውስ መድኃኒት የለም፤ ቅጠሉ ይጠወልጋል፣ ግንዱ ሲቆረጥም ቢጫማ ዝልግልግ ፈሳሽ ያወጣል። ከዋና ዋና መተላለፊያዎቹ አንዱ የታመመውን የቆረጠ ቢላዋ ሳይጸዳ ጤነኛውን ሲነካ ነው። ስለዚህ ፊልሙ ለገበሬው ሊነግር የፈለገው አንድ ነገር ነበር፤ ይኸውም ከተክል ወደ ተክል ከመሻገርህ በፊት ቢላዋህን በእሳት ለብልብ የሚል ነው።

ወደ አሠራሩ ልመለስ። የምስል ተከታታይነት የሚባለው ዘዴ በተለያየ ሰዓትና ከተለያየ ቦታ የተነሡ ምስሎችን ተመልካቹ እንደ አንድ ያልተቋረጠ ድርጊት እንዲያያቸው አድርጎ መገጣጠም ነው። ሐሳቡ ለእኛ ሙያ እንግዳ አይደለም፤ ክፍሎች ለየብቻ ተሠርተው መጋጠሚያቸው ላይ መስማማት እንዳለባቸው እናውቃለንና።

የመጀመሪያው ደንብ የ180 ዲግሪ ደንብ ነው። በሚነጋገሩ ሁለት ሰዎች መካከል አንድ መስመር እንዳለ እናስባለን፤ ካሜራው ምንጊዜም ከመስመሩ በአንዱ ወገን ይቆማል። በመጀመሪያው ቀን ይህን ባለማወቃችን የጓሮው ባለቤት የሆኑትን እናትና የሚጠይቃቸውን ተማሪ ከሁለቱም ወገን አነሣናቸው። ምስሎቹ ሲቀጠሉ ሁለቱም ወደ ቀኝ እያዩ ሌላ ሦስተኛ ሰው የሚያናግሩ መሰሉ። በማግስቱ ተማሪዎቹ ቀላል ዘዴ አገኙ፤ በንግግሩ ምስል ሁሉ የዳሞታ ተራራ ከጀርባ በኩል እንዲሆን ወሰኑ። ካሜራው ተራራውን ጀርባውን ከሰጠው መስመሩን ተሻግሯል ማለት ነው።

ሁለተኛው በእንቅስቃሴ መካከል መቀጠል ነው። እናትየዋ ቢላዋ ሲያነሡ ከሩቅ ይቀረጻል፤ ከዚያም ካሜራው ተጠግቶ ያንኑ እንቅስቃሴ ከመነሻው ይደግሙታል። ቅንብሩ ላይ እጅ በአየር ላይ እንዳለ ከሩቁ ወደ ቅርቡ ሲታለፍ፣ ዐይን እጁን ስለሚከተል ስፌቱን አያየውም። ካሜራው ቢያንስ 30 ዲግሪ ያህል ዞር ካላለ ወይም የምስሉ መጠን በግልጽ ካልተለወጠ ግን ሰውዬው በቦታው የዘለለ ይመስላል።

ሦስተኛው መዝገብ መያዝ ነው። ጧት በቀኝ ትከሻ የነበረ ነጠላ ከሰዓት በኋላ በግራ ትከሻ ከተገኘ፣ ወይም ጥላ በድንገት አቅጣጫውን ከለወጠ፣ ተመልካቹ ታሪኩን ትቶ ስሕተቱን ይቈጥራል። ስለዚህ አንድ ተማሪ ደብተር ይዞ ይህን ብቻ ይመዘግብ ነበር።

በዚህ ሁኔታ ፊልሙ ተቀነባበረ። በመካከሉ እጅግ የኮራንበት አንድ መጋጠሚያ ነበር። ቢላዋው የታመመውን እንሰት ቆርጦ ወደ ላይ ይነሣል፤ ሲወርድ ያረፈው በጤነኛው እንሰት ላይ ነው። ስፌቱ ፈጽሞ አይታይም። እኔም ከሁሉ በላይ አመሰገንሁ።

ፊልሙን በጓሮው ባለቤት ቤት አሳየን። እናትየዋ ዝም ብለው ካዩ በኋላ በወላይትኛ የተናገሩትን አንዱ ተማሪ ተረጐመልን፤ «ልጆቼ፣ አሰደባችሁኝ። እሳቱ የታለ? ይህን ያየ ጎረቤት እኔ ከበሽተኛው ወደ ጤነኛው በቀጥታ የሄድሁ ይመስለዋል፤ እሱም እንደዚያው ያደርጋል።»

የምንመልሰው አልነበረንም። እሳቸውማ ካሜራው በቆመበት ጊዜ ቢላዋውን በሚገባ ለብልበውት ነበር። እኛ ግን የእሳቱን ምስል ለመጨረሻው ምክር አቈይተን፣ ለፍጥነት ስንል በመካከሉ ቀጥለነው አለፍን። ገበሬ ሊያድን የተሠራ ፊልም በሽታውን የማዛመቻ መንገድ ሊያስተምር ምንም አልቀረውም ነበር።

ሌቭ ኩሌሾቭ የተባለው የሩሲያ የፊልም መምህር ከመቶ ዓመት በፊት ባደረገው የታወቀ ሙከራ የአንድን ተዋናይ ያንኑ ፊት አንዴ ከሾርባ ሳሕን፣ አንዴ ከሬሳ ሣጥን ጋር ቀጥሎ አሳይቷል። ፊቱ ሳይለወጥ ተመልካቹ አንዴ ረኃብ፣ አንዴ ኀዘን አነበበበት ይባላል። ትርጉም በመጋጠሚያው ላይ ይወለዳል ማለት ነው። መጋጠሚያው ባማረ ቍጥር ተመልካቹ ይበልጥ ያምናል፤ ካመነ ደግሞ በመካከል የቀረውን አይጠይቅም።

ተመልሰን እሳቱን ቀረጽነው። አንዱ ተማሪ «ይህን ያህል ጊዜ እሳት ላይ የተያዘ ቢላዋ ተመልካቹን ያሰለቸዋል» ብሎ ነበር። ነገር ግን ኃይሌ ገሪማ እ.ኤ.አ. በ1976 በወጣው «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» በተሰኘው ፊልሙ ካሜራውን በገበሬው ድካም ላይ ረዘም አድርጎ ማቈየቱን አስታወስን። አንዳንድ ጊዜ ያልተቈረጠው ጊዜ ራሱ መልእክቱ ነው። ስለሆነም ቢላዋው እሳት ውስጥ ገብቶ እስኪወጣ ድረስ ምስሉ ሳይቋረጥ እንዲቈይ ተደረገ።

ባልደረቦቼ፤ እኛም የአሠራር መመሪያና ሪፖርት ስንጽፍ ቀጣጣዮች ነን። የምናውቀውን እርምጃ «ግልጽ ነው» ብለን እንዘለዋለን፤ አንባቢውም ጽሑፋችን ስላማረ ያምነናል። ተማሪዎችን በፊልም ሥራ የምትረዱ ሁሉ ሁለት ነገር አደራ እላችኋለሁ። ከቀረጻው በፊት ፈጽሞ የማይቈረጡትን እርምጃዎች በዝርዝር ጻፉ። ፊልሙ ለሕዝብ ከመታየቱ አስቀድሞም ሥራውን በእጁ ለሚሠራው ሰው አሳዩት፤ እኛ ያላየነውን ስፌት የሚያየው እሱ ነውና።