ቅጣት የጻፍንባት ነርስ

እኛ የማኅበሩን ሒሳብ የምንይዘው ዛሬ ስለ አንድ ቅጣት እንናገራለን። ነርስ የሆነች አባላችን ቁጠባዋን ሁለት ወር ስታዘገይ ቅጣት ጻፍንባት። ኋላ ስንጠይቃት የሌሊት ተረኝነት ክፍያዋ አልገባላትም ነበር። ከደመወዟ ግብርና 7 በመቶ ጡረታ ተቀንሶ፣ የቤት ኪራይ ሲከፈል የሚቀር የለም፤ የምትቆጥበው ከተረኝነት ገንዘቧ ነው።

«ለምን ነርስነትን መረጥሽ?» አልናት።

«መጀመሪያ ቶሎ ሥራ ይገኝበታል ብዬ ነው። አሁን ግን አልጋ ይዞ የነበረ ሰው በእግሩ ሲወጣ ሳይ መተው አቃተኝ» አለችን።

ስለዚህ ቅጣቱ እንዲነሣላት ጉባኤውን እንጠይቃለን። ሴት ልጃችሁ ነርስ ልሁን ስትል አትከልክሏት፤ እጇ ላይ የሚደርሰውን ደመወዝ ግን አብራችኋት አስሉ። ሌሊት ተረኛ ለሆነች እናትም ልጇን እናሳድርላት።